የታች ሰፈር ፉጨት

ለማዶው አማቼ፣

ሰላምታዬ ድልድዩን ይሻገር፣ የዶሮዎችህን ግቢ ያቋርጥ፣ ደረጃውን ይውጣና አልጋህ አጠገብ ይቀመጥ። እንዴት ሰነበትክ? ሳልህ እንዴት ነው? እግርህስ ይሞቅልሃል ወይ? ኤውዶስያ ሾርባ ላይ ጨው ታበዛለች፤ እህቴ ስለሆነች ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። እኛ እስክትዳር ድረስ ታገስናት፤ የቀረው ያንተ ድርሻ ነው። ስለ እኔ ከጠየቅክ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ በሬ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሳክስፎኔን አንጠልጥዬ የላይ ሰፈርን ዳገት ስወጣ ጎረምሶቹ ከኋላዬ ያለከልካሉ። ይህን የጻፍኩት ላስቀናህ አይደለም። እሺ፣ ላስቀናህ ነው።

ማን ጻፈለት ብለህ አትድከም። እኔው ነኝ የጻፍኩት። መነጽርህን አድርግና የፊደሉን ቁመት እይልኝ! የማታ ትምህርት ቤታችን አስተማሪ ሴኞሪታ ኔሊዳ መጀመሪያ ሰሞን «ዶን ሳቱርኒኖ፣ እርሳሱን እንደ አካፋ አይጨብጡት፣ የትም አይሸሽዎትም» ትለኝ ነበር። አሁን «ዶን ሳቱርኒኖ፣ እባክዎ ለሌሎቹም ዕድል ይስጧቸው» ነው የምትለኝ። ሌሎቹ ገና «እናቴ ድንች ትልጣለች» የሚለውን ሲገለብጡ እኔ ማንም ሳያዘኝ «አማቼ ደግሞ የተላጠውን ይበላል» ብዬ ጨመርኩበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሴኞሪታም ሳቋን በእጇ ሸፍና ሰሌዳው ላይ እንድጽፈው አደረገችኝ። ስለዚህ ስምህ ባይጠቀስም ትምህርት ቤት ገብተሃል።

ድልድይ ማዶ ላለ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ምን አመጣው፣ ጮክ ብሎ ቢጠራኝ አልሰማም ወይ ትል ይሆናል። መልሱ መጨረሻ ላይ ነው። ሳትዘል አንብብ። ኖታ ስታነብ የምትዘል ሰው አልነበርክም።

ከታሪካችን ልጀምር፤ ምክንያቱም ተናድጃለሁ። ከሊማ የመጣው ኮሚሽን ስለ እኛ ባወጣው ወረቀት ላይ «የኪሽዋር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በባለሥልጣናት አርቆ አሳቢነት ተመሠረተ» ይላል። ራሴ ነኝ ያነበብኩት፣ ማንም አላነበበልኝም። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብለው ሲያነቡልኝ ከሰው ጋር አጨበጭብ ነበር። አሁን ማንበብ ስለቻልኩ መናደድም ቻልኩ።

ማን እንደመሠረተው እኔና አንተ እናውቃለን። የሰው እጦት ነው የመሠረተው። ጎረምሳው ሁሉ ግማሹ ወደ ማዕድኑ፣ ግማሹ ወደ ሊማ ሲፈልስ የላይ ሰፈር ባንድ ጥቂት ክላርኔቶች፣ አንድ የተሰነጠቀ ቫዮሊን፣ የቴዮፋኔስ ሃርፕና የእኔ ሳክስፎን ብቻ ቀሩት። በእርግጥ እኔ ካለሁ ባንዱ ሙሉ ነው። እናንተ ታች ሰፈሮችም ከእኛ አትሻሉም ነበር፤ ከበሮ መቺያችሁ ሞቶ መበለቲቱ ነበረች የምትመታው፣ እሷም ከሱ ትሻል ነበር። በዚያ ሰሞን ነው የአናጢው ልጅ አብዲያስ ከሊማ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ሻንጣ ኖታና ክራባት ይዞ የተመለሰው። አፍንጫውን ስንጠርግለት ያደገውን ልጅ በዚያ ክራባት ምክንያት አንቱ ማለት ጀመርን። እሳቸውም ሁለቱን ባንዶች የሱፍ መጋዘኑ ውስጥ ሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ ሲምፎኒ ናችሁ» አሉን። አንተ «ያማል እንዴ?» ብለህ ጠየቅካቸው። እስከ ዛሬ ያንን ቀልድ ቀድመኸኝ በመናገርህ እቆጫለሁ።

መጋዘኑ እስከ ጣሪያው በላማና በበግ ሱፍ የተሞላ ነበር። ሱፉ ድምፁን ስለሚውጠው ነፍሳችን እስክትወጣ እንነፋ ነበር። በኋላ ሱፉ ተሸጦ ሲያልቅ ጉልበቱ ለእኛ ቀረ። ሌላው አገር ያለ ኦርኬስትራ ሁሉ ከእኛ አጠገብ ሲጫወት የሚያንሾካሹክ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ኮንሰርት መቼም አትረሳውም። የክልሉ ሹም ከነሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ማኤስትሮ አብዲያስ ባለማወቅ ታች ሰፈርን በግራ፣ ላይ ሰፈርን በቀኝ አስቀምጠዋል። ሙዚቃው ከጀርመን አገር የመጣ ዝግ ያለ፣ የቀብር የሚመስል ነገር ነበር። እኛ ደግሞ ሁለት ባንድ ፊት ለፊት ከተቀመጠ መጋጠም እንጂ ሌላ ምን እንደሚደረግ መች እናውቃለን? አንተ ትንሽ ፈጠን አልክ። እኔ አይቼሃለሁ! ካድከኝ እንጂ ፈጠን ብለሃል። እኔም ፈጠንኩ። ቴዮፋኔስ ሃርፑን እንደ ፈረስ ኮለኮለው። የማኤስትሮ ዘንግ ወዲያ ወዲህ ሲል ዝንብ የሚያባርሩ ነው የሚመስሉት። ላይ ሰፈር ቀድሞ ጨረሰና ሁላችንም ብድግ ብለን መሣሪያችንን ወደ ላይ አንስተን «ላይ ሰፈር!» ብለን ጮህን። እናንተ ገና እየነፋችሁ ነበር። ሹሙም ደግ ሰው ስለነበረ ተነስቶ አጨበጨበልን።

ከዚያ በኋላ ማኤስትሮ መጋዘኑ ውስጥ ድንች ጆንያ ላይ ተቀምጠው «ጌቶቼ፣ ሲምፎኒ የፈረስ ግልቢያ አይደለም» ሲሉን «ግልቢያ ካልሆነ አሸናፊውን በምን እንለየዋለን?» ያልኩት እኔ ነኝ።  በማግስቱ መልሱን ይዘው መጡ፤ በያንዳንዱ የኖታ ማስቀመጫ ፊት አንድ የላይ ሰፈርና አንድ የታች ሰፈር ሰው ጎን ለጎን አስቀመጡ። ሁለት ባላንጣ አንድ ወረቀት ይጋራ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ የተደረገው እኛ ዘንድ ብቻ ነው፤ አንድም ቀን ከኪሽዋር ክልል ሳልወጣ በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

እኔንም ከአንተ ጋር አጣመሩኝ። አንተ ወታደር ቤት ኖታ ተምረሃል፣ እኔ ደግሞ የአንተን ክርን ተማርኩ። ክርንህ ከፍ ሲል እገባለሁ፣ ዝቅ ሲል እወጣለሁ። ሰው ሁሉ ሳቱርኒኖ ኖታ ያነባል ብሎ ያደንቀኝ ነበር። ቁንጫዋ ነክሳህ ክርንህን ያነሳህ ዕለት ነው የተዋረድኩት፤ ጳጳሱ ዓይናቸውን ጨፍነው እየጸለዩ ሳለ በሙሉ ሳንባዬ ገባሁ። አንተ ፊትህን ሳታዞር «አሜን» አልክ። ያንን ለመክፈል ዓመታት ፈጅቶብኛል፣ ገናም አልጨረስኩም።

ከዚያማ አደግን። ከጎን ሸለቆዎች ቫዮሊን በጨርቅ ጠቅልለው በእግራቸው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከማዕድኑ ካምፕ የጥሩምባና የሳክስፎን ነፊዎች መጡ፤ ከአንድ ገዳም ደግሞ ሰው የሚያክለውን ባለ አራት ክር ትልቅ ቫዮሊን የምትጎትት መነኩሲት መጣች። በድንች መኪና ላይ ተጭነን በየከተማው ስንዞር ያ ትልቅ ቫዮሊን እንዳይበርደው ፖንቾ አልብሰን ከሹፌሩ አጠገብ እናስቀምጠው ነበር። አንድ ሰካራም መንገድ ላይ ተሳፍሮ «እመቤቴ፣ ገፋሁዎት፣ ይቅርታ» ሲለው አንተ በቀጭን ድምፅ «ምንም አይደል ልጄ» አልክለት። ሰውዬው እስኪወርድ ድረስ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሄደው።

አንተ ድሮ ስትቆፍርበት የነበረው ካምፕ ሄደን የተጫወትንም ጊዜ ትዝ ይለኛል። ሙዚቃው ዝም በሚልበት ቦታ ሁሉ አዳራሹ ያስል ነበር። ተናድጄ «እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው መስማት አይችሉም እንዴ?» ስልህ፣ አንተ ኖታውን እየገለጥክ «ዝም ብለው ነው እኮ የሚሰሙት» አልከኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

አሁን ወደ ክርክሬ። ክርክር እንዳለብኝ አልነገርኩህም? አለብኝ። ሴኞሪታ ደብዳቤ እንግዳ ሰው ቢያገኘውም እንዲገባው ሆኖ ይጻፍ ስላለች የምታውቀውን ልማድ ልጻፍልህ።

በቅዱስ ሳንቲያጎ በዓል ቀን ሁለቱ ሰፈሮች ድልድዩ ላይ ይገናኛሉ። ሲምፎኒ ብንሆንም በዚያ ቀን ያው ድሮዎቹ ባንዶች ነን። ላይ ሰፈር የራሱን ዜማ፣ ታች ሰፈር የራሱን ዜማ ፊት ለፊት ቆሞ ባንድ ጊዜ ይነፋል። ያቋረጠ ወይም ተስቦ የሌላውን ዜማ የነፋ ተሸነፈ። የተሸነፈው ባንድ ፊታውራሪ እስከ መጪው ሳንቲያጎ ድረስ አሸናፊውን በአፉ አያናግርም። ቢሰድቡት አይመልስም። አሸናፊው ግን ዓመቱን ሙሉ ያሻውን ይናገራል። ልማዱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ካቻምና የተሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት በመስኮትህ ሥር ሳልፍ ብቅ ብለህ «ኧረ ላይ ሰፈር! ያ ሳክስፎን ዛሬም ይነፋል ወይስ በቆሎ ትቆላበታለህ?» ትለኛለህ። እኔ ፊቴ ቀልቶ፣ አፌን ገጥሜ አልፋለሁ። «ጥርስህን ቆጥረሃል ዛሬ? ትናንት አንዷ ድልድዩ ላይ ስትንከባለል አይቻለሁ!» እኔ ዝም። አንድም ጠዋት አልቀረህም። በነገራችን ላይ ወደ ገበያ የሚወስደኝ ሌላ መንገድ ነበረኝ፤ አጭርም ነው። ይህን እስከ ዛሬ ካላወቅክ አሁን እወቅ።

ባለፈው ሳንቲያጎ አንተ ነህ ያቋረጥከው። ዜማህ ያቺ እንደ ባልዲ ወደ ጉድጓድ የምትወርድበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሳክስፎንህን ከአፍህ አወረድክ። ላይ ሰፈር ጮኸ። እኔም ጮህኩ፤ በትከሻቸው ተሸክመው ጭቃው ላይ እስኪጥሉኝ ድረስ ጮህኩ። በማግስቱ ስድቤን አዘጋጅቼ፣ አፌን አለስልሼ መስኮትህ ሥር መጣሁ። መስኮቱ ተዘግቷል። «ኧረ ታች ሰፈር! ትንፋሽህን ማን ሰረቀህ?» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ነበር ያልኩት፤ ቃሌን አላስተካክልም። በነጋታውም ተዘግቷል። በሌላው ቀን ኤውዶስያ በእጇ የዶሮ መኖ ይዛ ወረደች። «ሳቱኮ፣ ተወው» አለችኝ። «ልማድ ነው እኮ፣ መልስ አይሰጠኝ፣ መስኮቱን ግን ይክፈት» አልኳት። «ልማዱን ከአንተ እኩል አውቃለሁ» አለችኝ። «ተሸናፊ መናገር ነው የማይችለው። እሱ መተንፈስ አቅቶታል።»

የማዕድኑ ትቢያ ሳንባህ ላይ ድንጋይ ሠርቷል አለች፣ ሐኪሙ በፎቶ አሳይቷታል። ስለ መጪው ሳንቲያጎስ ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። ዶሮዎቹን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረቻቸው። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮትህ ሥር መጥቼ ያልጮህኩት ለዚህ ነው። ኮርቶብኛል ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። ምኑን ይዤ ልሳለቅብህ? ያንን ቀን ያሸነፈህ ማዕድኑ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ደግሞ ከማዕድን ስጦታ አልቀበልም። ለአንተ የሰጠህን አይቻለሁ።

ወደ ቴዮፋኔስ ሄድኩ። የልማዱ ጠባቂ እኔ ነኝ ይላል፣ ማንም ባይሾመውም። «ድሉን ልመልስ መጣሁ» አልኩት። ሃርፑን እየቃኘ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም። «ድል የተዋስከው ድስት ነው እንዴ የምትመልሰው?» አለኝ። «እንግዲያው ሌላ ግጥሚያ ይደረግ» አልኩት። «ከሳንቲያጎ ቀን ውጭ?» «ከሳንቲያጎ ቀን ውጭ አይሆንም የሚለው የት ተጽፏል?» «የትም አልተጻፈም፣ አንተስ ቢጻፍ ታነበዋለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሚስቱም ሳቀች። በማግስቱ ሄጄ ማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ለምን በዚህ ዕድሜው ተማረ የሚሉህ ካሉ መልሱ ቴዮፋኔስ ነው በላቸው። ባልጠላው ኖሮ ዛሬም በጣቴ ነበር የምፈርመው።

ወንበርህን ማኤስትሮ ለአንድ ከጎን ሸለቆ ለመጣ ጎበዝ ሊሰጡ አስበው ነበር። ባርኔጣዬን አስቀመጥኩበት። «ዶን ሳቱርኒኖ፣ ያ ወንበር ሰው ይፈልጋል» አሉኝ። «ሰው አለው» አልኳቸው። «ባርኔጣ ነው የማየው።» «ማኤስትሮ፣ ባርኔጣዬ አንድም ቀን ኖታ ተሳስቶ ያውቃል?» አልኳቸው። ክራባታቸውን አስተካከሉና ወደ ቫዮሊኖቹ ዞሩ። ባርኔጣው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ጭንቅላቴ ግን ይበርደዋል፣ ይህንንም ላንተ አስቤ ነው የምታገሰው።

እንግዲህ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ኮሚሽኑ መጣ። «ክልላዊ ሲምፎኒ» የሚለውን ማዕረግ የሚሰጥ የሚነሳው እሱ ነው ተባለ። አለቃው ዶክተር የሚባል፣ ጫማው ጭቃ ሲነካው የሚቃትት ሰው ነው። ልምምዳችንን ሰምቶ «ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ሳክስፎኖቹ ይውጡ። ሲምፎኒ ውስጥ ሳክስፎን የለም» አለ። የማኤስትሮ ፊት አመድ መሰለ። «ዶክተር፣ ይህ አገር ያለ ሳክስፎን አያገባም፣ አይቀብርም፣ አያርስም። እነሱን ካወጣሁ የሚቀረኝ ወንበር ነው» አሉት። ዶክተሩ «አንድ በአውሮፓ ያለ ሲምፎኒ ያሳዩኝ እንዲህ የሳክስፎን መንጋ ያለው» አለ። ያን ጊዜ እኔ ተነሳሁ። «ዶክተር፣ እርስዎስ አንድ ኪሽዋር የተወለደ ዶክተር ያሳዩኝ። የለም አይደል? ታዲያ ዶክተር የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም ማለት ነው?» አልኩት። መነኩሲቷ እንኳ ሳቀች። ዶክተሩ አልሳቀም። እሑድ አደባባይ ላይ ሳክስፎን ሳይኖር ተጫወቱ፣ ከዚያ እወስናለሁ ብሎ ሄደ።

ማኤስትሮ ሰበሰቡን። «በእሑዱ ሥራ ውስጥ ለሳክስፎን የተጻፈ ኖታ የለም» አሉ።  «ወንበራችሁ ግን አለ። መሣሪያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። መቀመጥን የከለከለ የለም።» ክራባት ያሰሩ ዕለት አንቱ ማለታችን ትክክል እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ።

አደባባዩ ደግሞ የትኛው ይሁን ሲባል የታች ሰፈሩ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። «ፀሐዩ ያምራል» አልኳቸው። እውነት ነው፣ ያምራል። መስኮትህ ከዚያ በላይ መሆኑን ያነሳሁት የለም።

እሑድ ሕዝቡ እስከ ድልድዩ ድረስ ሞላ። ዶክተሩ ከፊት ተቀመጠ። እኛ ሳክስፎኖች መሣሪያችንን እንደተኛ ሕፃን ጭናችን ላይ አጋድመን ተቀመጥን። ሙዚቃው ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ያ ቀስ የሚልበት፣ ቫዮሊኖቹ ብቻ እንደ ጭስ የሚቀሩበት ቦታ ላይ ደረሰ። ኤውዶስያ መስኮቱን ከፈተች። አንድ ክንፉን ብቻ ነው የከፈተችው። አየር እንድታገኝ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ተነሳሁ። ባርኔጣዬን ሰላም አልኩና የላይ ሰፈርን ዜማ ወደ መስኮትህ ነፋሁት። በሱፉ ዘመን ጉልበት ነው የነፋሁት። የማኤስትሮ ዘንግ አየር ላይ ቀረ። የዶክተሩ እርሳስ ወደቀ። ከኋላዬ ቴዮፋኔስ «ይኼ በሬ አበደ» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ነፋሁ። አንዴ ጨርሼ ደግሜ ጀመርኩ፤ የሚመልስልኝ ሰው እጠብቅ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ያፏጨኸው።

ጀርባህ ትራሱ ላይ እንደሆነ፣ ሳትነሳ፣ የታች ሰፈርን ዜማ አፏጨህ። ያቺ እንደ ባልዲ የምትወርደዋን፣ ሳንቲያጎ ዕለት ያቋረጥክባትን። ትንፋሽህ ሻማ አያጠፋም ነበር፤ ዜማው ግን ልክ ነበር። እኔም ይዤ ልቆይ ብዬ ታገልኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ታገልኩ። ጣቶቼ ከዱኝ። ከላይ ሰፈር ዜማ ላይ ተንሸራተትኩና ስነቃ የእናንተን ነው የምነፋው። አጠገቤ ያሉት የታች ሰፈር ሳክስፎኖች ብድግ አሉ። ጥሩምባዎቹ ተከተሉ። ከዚያ የእኛዎቹም፣ ውርደታችንን ረስተው፣ ገቡበት። ማኤስትሮ ለዶክተሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መስኮትህ ዞሩና መምራት ጀመሩ። አደባባዩ ጨፈረ። ያ ትልቅ ቫዮሊን እንኳ ከመነኩሲቷ ጋር ሲወዛወዝ ነበር።

ስንጨርስ ዶክተሩ ወደ ማኤስትሮ መጥቶ ያ የመጨረሻው ክፍል የማን ድርሰት ነው ብሎ ጠየቀ። «ደራሲው እዚያ ላይ ተኝቷል፣ እንዳንረብሸው» አሉት። አንድ ነገር ጽፎ ሄደ። የማዕረጉ ወረቀት እስከ ዛሬ አልመጣም። ይምጣ አይምጣ እኛን አይመለከተንም። መጋዘኑ በር ላይ ታፔላ ሰቅለናል፤ ቀለሙን የቀባሁትም ጽሑፉን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። «የኪሽዋር ክልላዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ ከነሳክስፎኖቹ» ይላል። ከድልድዩ ላይ ሆኖ ይነበባል። ሊማ ድረስ እንዲነበብ አድርጌ ልጽፈው ነበር፣ ቀለሙ አለቀ።

አሁን ክርክሬ ይኸውልህ። ታች ሰፈር በሙሉ «ላይ ሰፈር ተሸነፈ!» ብሎ ሲጨፍር ቴዮፋኔስ ሃርፑን አቅፎ «ከማን ጋር ተጋጥሞ? እኔ ፉጨት አልሰማሁም። ነፋስ ነው» አለ። ቴዮፋኔስ ደንቆሮ ነው። ክላርኔቶቹም አልሰማንም ይላሉ፤ እነሱ ከራሳቸው ድምፅ ሌላ ሰምተው አያውቁም። ኤውዶስያ ጭራሽ «በዚያ ሰዓት ተኝቶ ነበር» አለችኝ። ሰው ተኝቶም ያፏጫል። አንተ በተለይ። በድንች መኪናው ላይ ስንጓዝ ተኝተህ ስታፏጭ ስንት ጊዜ በክርኔ ጎሽሜሃለሁ?

አንዳንዱ ደግሞ አውቆ ነው የተሸነፈው እያለ ያወራል። ይህን የሚልህን ሰው ከደጅህ አባርልኝ። ላይ ሰፈር አውቆ አይሸነፍም። ወንድ ሆኜ፣ በሕዝብ ፊት፣ በሚገባ ነው የተሸነፍኩት። ይኸው በገዛ እጄ፣ በንጹሕ እርሳስ ጽፌ እመሰክራለሁ፤ አፏጭተሃል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ማንም ቢጠይቅህ አፏጭቻለሁ በል። ካላስታወስክ እኔ አስታውሼሃለሁ።

እንግዲህ ድልድይ ማዶ ላለ ሰው ደብዳቤ የምጽፈው ለምን እንደሆነ ገባህ። ተሸናፊ በአፉ አይናገርም። ልማዱ የከለከለው አፍን ነው፣ እርሳስን አይደለም። ቴዮፋኔስን ጠይቀው፣ የት ተጽፏል?

ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መስኮትህ ሥር እመጣለሁ፣ አፌን ገጥሜ እቆማለሁ። የዓመቱ ንግግር ያንተ ነው። ስለ ጥርሴ ብትል፣ ስለ ባርኔጣዬ ብትል፣ የጳጳሱን ነገር ብታነሳ አልመልስም። ረጅም ስድብ ከከበደህ አንድ ቃል ይበቃኛል። ቃሉም ከከበደህ ቀለበትህን በመስኮቱ እንጨት ላይ አንኳኳ፤ ስድብ መሆኑ ይገባኛል፣ ፊቴም በደንብ ይቀላል። አትቸኩል። እኔ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

በመጪው ሳንቲያጎ ድልድዩ ላይ እጠብቅሃለሁ። እንዳትቀር። በዚያ ቀን አልምርህም፣ ከአሁኑ ተናግሬአለሁ። ሐኪሙ የሚለውን ሐኪሙ ይነፋው።

ሳንቲያጎ ነጭ ፈረሱን ደጅህ ላይ አስሮ ያድር። ደረትህን ያቅልልልህ፣ እንቅልፍህን ያጣፍጥልህ፣ የእህቴን ጨው ያቅልልልህ። ዶሮዎችህን ከቀበሮ፣ ስምህን ከቴዮፋኔስ አፍ ይጠብቅልህ። መስኮቱን እንዳታስዘጋው፣ ብርድ ቢገባም።

የተሸነፈው አማችህ፣
ከላይ ሰፈር